ኮዱን መጠየቅ፣ መልሱን ከነመስመሩ መቀበል

ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ መረከብ ከባድ ነው። የአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍልና ፋርማሲ የሚሠሩበት ሶፍትዌር ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው ቢሯችን ሲመጣ፣ ጸሐፊዎቹ ሥራ ቀይረው ተበታትነዋል፤ የተዉት ማብራሪያም የለም። የተረከብነው በጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን በሚመዘግብ መሣሪያ፣ የተቀመጠ የኮድ ማከማቻ ብቻ ነበር። ታካሚ ግን በየጠዋቱ ይሰለፋል፤ የተበላሸውም በዕለቱ መጠገን አለበት። ስለዚህ ኮዱን አንብቦ ጥያቄያችንን የሚመልስ ቻትቦት ለማዘጋጀት ተነሣሁ።

ፋይል እየገለበጡ ቻትቦቱ ላይ መለጠፍ ለጥቂት ገጽ ይሠራል፤ ለሙሉ ማከማቻ ግን አይሆንም። ሞዴሉ፣ ማለትም ከቻትቦቱ ጀርባ ሆኖ መልሱን የሚጽፈው ፕሮግራም፣ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ጽሑፍ ወሰን አለው፤ ወሰኑ ቢበቃም እንኳ በረጅም ጽሑፍ መካከል የተቀበረ ነገር በቀላሉ ያመልጠዋል። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ስም ያገኘው ዘዴ ነው፦ አስቀድሞ ለጥያቄው የሚስማማውን የኮድ ክፍል ፈልጎ ማምጣት፣ ከዚያ ያንን ብቻ ለሞዴሉ ሰጥቶ ማስመለስ። ኮዱ በቁርጥራጭ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ቁጥሮች ዝርዝር ይለወጣል፤ ሐሳባቸው የሚቀራረብ ቁራጮች ቁጥሮቻቸውም ይቀራረባሉ። ጥያቄውም እንዲሁ ተለውጦ የቅርብ ጎረቤቶቹ ይፈለጋሉ።

ትልቁ ልዩነት የመጣው ከአቆራረጡ ነው። ኮድን በእኩል የመስመር ብዛት መቁረጥ ቅኔን ከመካከሉ ቆርጦ ፍታው እንደማለት ነው። እኔ በፋንክሽን በፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራውን የኮድ ክፍል ሳልከፍል፣ ቆረጥኩ፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ራስ ላይ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ጻፍኩ። ከዚህ ጎን ተራውን የቃል ፍለጋም አስቀረሁ ማለት አይደለም፤ የፋንክሽን ስም በቀጥታ ሲጠየቅ ከቁጥሮቹ ቅርበት ይልቅ ፊደል በፊደል የሚፈልገው መንገድ ይበልጣል። ሁለቱን አጣምሬ ተጠቀምኩ።

አማርኛው የራሱ ጥያቄ ነበረው። በኮዱ ውስጥ ያሉት ማስታወሻዎች አብዛኞቹ በአማርኛ ናቸው፤ አንዱ ጸሐፊ «ሐኪም» ሲል ሌላው «ሃኪም» ይላል፤ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሏል። ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም በኮምፒውተር ዘንድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ነገር ነው። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ከነእርባታቸው ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ዋናውን ጽሑፍ ግን አልነካሁም። ከዚያ በኋላ በአማርኛ ስንጠይቅ የሚመጣው ኮድ በግልጽ ተሻሻለ። በአማርኛ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ይህን ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲሠራው እመክራለሁ።

ለሞዴሉ የሰጠሁት ትእዛዝ አጭር ነው። ከቀረበልህ ኮድ ብቻ መልስ፤ ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ፋይሉንና መስመሩን ጥቀስ፤ ከሌለ የለም በል። የዚህ ትእዛዝ ዋጋ የታየኝ በቀን መቁጠሪያው ፋይል ላይ ነው። በዚያ ፋይል 1723856 የሚል ቁጥር ያለ ምንም ማብራሪያ ተቀምጧል። ቻትቦቱ ፋይሉን ጠቅሶ፣ ቁጥሩ የእኛን አቆጣጠር ቀናትን ያለ ወርና ዓመት በተከታታይ ከሚቆጥረው የጁሊያን ቀን ቆጠራ ጋር የሚያገናኝ መነሻ መሆኑን፣ 365 ሲደመርበት መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. የሚያርፍበትን 1724221 እንደሚሰጥ አስረዳኝ። አስልቼ አየሁት፤ ትክክል ነበር።

ቀጥዬ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩ። ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ነው አለ፤ ይህን ሲል ግን ምንም መስመር አልጠቀሰም። ኮዱን ከፍቼ ሳይ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ይላል። እውነቱም ይኸው ነው፦ 2015 ዓ.ም. ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ሆናለች። ቻትቦቱ የፈረንጆቹን ልማድ አምጥቶ ኮዱን ሳያነብ መልሷል። የአንድ ቀን ስሕተት የታካሚን ቀጠሮና የመድኃኒት ማብቂያ ቀንን ያዛባል። ስለዚህ መስመር ያልተጠቀሰበትን መልስ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲጥለው አደረግኩ፤ የተጠቀሰውም መስመር በእርግጥ መኖሩን ያጣራል። ጥቅሱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ የእኛ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

«ምን ያደርጋል» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ኮዱ ውስጥ ነው፤ «ለምን» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ግማሹን ከጊት ታሪክ አገኘሁት። ሊነስ ቶርቫልድስ ለሊነክስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ይህ መሣሪያ እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼ፣ በምን መልእክት እንደ ለወጠ ይይዛል፤ መልእክቶቹን ከኮዱ ጋር ስጨምራቸው መልሶቹ ጠለቅ አሉ። ሌላው ግማሽ ግን የሚገኘው ከሰው ዘንድ ነው። አዲስ የካርድ ቁጥር ከ20001 የሚጀምረው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ቻትቦቱ ለደኅንነት ሊሆን እንደሚችል ገመተ። ካርድ ክፍል ሄጄ ለረጅም ዓመት የሠሩትን እናት «እትዬ፣ ይህ ቁጥር ለምን ከዚህ እንደሚጀምር ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ከዚያ በታች ያሉት የወረቀት ካርዶች ናቸው፤ መደርደሪያው ይኸውልህ» አሉኝ።

ይህንን ቃላቸውን ከኮዱ አጠገብ በማስታወሻ ፋይል አስቀመጥኩት። አሁን ያን ጥያቄ የሚጠይቅ ሁሉ መልሱን ከነምንጩ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ዕውቀት መሰብሰብ ከሞዴል ምርጫ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ኮዱን ወደ ማንኛውም የውጭ አገልግሎት ከመላክ በፊት ማጽዳት ግዴታ ነው። ለሙከራ ተብሎ በገባ ፋይል ውስጥ የእውነተኛ ታካሚዎች ስም ነበር፤ የዳታቤዙ የይለፍ ቃልም በግልጽ ተጽፏል። ፋይሉን መሰረዝ ከጊት ታሪክ አያጠፋውም፤ የይለፍ ቃሉን መቀየርና ታሪኩንም ማጽዳት ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ አብዛኛውን ሥራ ኦላማ በተባለው መሣሪያ አነስተኛ ሞዴል በራሳችን ኮምፒውተር ላይ አስኬዳለሁ። ከትልልቆቹ ሞዴሎች ይልቅ ቀርፋፋ ነው፤ ረቂቅ ጥያቄም ይከብደዋል፤ ነገር ግን የታካሚ ምስጢር ከቢሯችን አይወጣም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ይሠራል።

ሞዴል ወይም አቆራረጥ በለወጥኩ ቁጥር መልሳቸውን አስቀድሜ የማውቃቸውን ጥያቄዎች ደግሜ አቀርብለታለሁ፤ የጳጉሜን ጥያቄም ከእነርሱ አንዱ ነው። ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹ በኮዱ ውስጥ ፈጽሞ የሌሉ ነገሮችን ይጠይቃሉ፤ ለእነዚህ «የለም» ብሎ የማይመልስ ሞዴል ወደ ሥራ አይገባም። የሕፃናትን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ፋይል ደግሞ የተለየ ነው፦ ቻትቦቱ ሊያብራራው ይችላል፤ ለውጥ የሚገባበት ግን የክሊኒኩ ፋርማሲስት ስሌቱን በእጇ ሠርታ ስትፈርምበት ብቻ ነው።