ወፍ የለም ያለው ማነው?

«ቅዳሜ ጠዋት ስልክህ ለምንድን ነው የማይነሣው?» የሚሉኝ ጓደኞቼ መልሱን ሲሰሙ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። ወፍ እያየሁ ስለሆነ ነው። እናቴማ እስካሁን አልተዋጠላትም። «ወፍ እኮ ቆርቆሮው ላይ ሞልቷል፤ ገፈርሳ ግድብ ድረስ ምን አስኬደህ?» ትለኛለች፣ ቆሎውን በፌስታል እየቋጠረችልኝ። ትስቅብኛለች እንጂ ቆሎውን ረስታ አታውቅም።

በኛ ሰፈር «ወፍ የለም» ማለት ምንም የለም፣ ባዶ ነው ማለት ነው። ታክሲ ተራ ሄደህ ታክሲ ካጣህ ወፍ የለም። ደሞዝ ገባ አልገባ ብለህ ስልክህን ስታይ፣ ወፍ የለም። እኔም እለዋለሁ፤ ግን እዚህ አገር ሲነገር ትንሽ ያስቃል። ብዙ ነገር ሊጠፋ ይችላል፣ ወፍ ግን አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበው ዝርያ ብቻ ከ850 በላይ ነው።

ወቅቱን ላስረዳ። ፈረንጆቹ ክረምት የሚሉት የኛን በጋ ነው፦ ኅዳር መጨረሻ፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት። ያኔ እነሱ ጋ ሐይቁ በረዶ ይሆናል፣ ረግረጉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ነፍሳቱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ወፎቹ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ላባ ለለበሰ ፍጡር ግን ብርዱ ያን ያህል አይደለም። የሚያሰድዳቸው ሆዳቸው ነው። እናም ከአውሮፓና ከሩሲያ፣ አንዳንዶቹም ከሳይቤሪያ ተነሥተው፣ ስንት ባሕርና በረሃ አቋርጠው፣ እኔ ከዊንጌት ሁለት ታክሲ ይዤ የምደርስበት ግድብ ላይ ያርፋሉ።

ለጠፋ ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ» እንላለን አይደል? ወፍ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ይሄ ነገር ፍርደ ገምድል ሆኖ ነው የሚታየኝ። ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚላቸው፣ ክረምቱ ሲወጣ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ለብሰው ሣሩ ላይ እንጣጥ እንጣጥ የሚሉት ትንንሽ ወፎች፣ የትም አይሄዱም። ወንዶቹ የመራቢያ ጊዜያቸው ሲያልቅ ያን ልብስ ይጥሉና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ። ድንቢጥ መስለው ዓመቱን ሙሉ ከፊታችን ናቸው፤ እኛ ነን የማናያቸው። በእርግጥ በዓመት አንዴ የሚመጣው ሌላ ነው። እሱን ደግሞ ዳክዬ ብለን አልፈነዋል።

ገፈርሳ በአምቦ መንገድ ከመሀል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቡራዩን አለፍ ብሎ። ባሕር የለንም፤ ውኃ ዳር መንሸራሸር ያማረው አዲስ አበቤ ያለው ግድብ ነው። ከፍታው 2600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የታኅሣሥ ጠዋት ቀልድ አይደለም። ወፍ ሳይንጫጫ ከቤት ወጥቼ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ከውኃው ላይ እንፋሎት ይነሣል፣ ጣቶቼ ደርቀው የባይኖኩላሩን ማስተካከያ ማዞር ያቅታቸዋል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚያልፈው ከፔርሙሱ ሻይ በመቅዳት ነው ብል አልዋሸሁም። (የመጠጥ ውኃ ግድብ ስለሆነ ጥበቃ አለው። ጠይቁ፣ ከተከለከለው ቦታ ራቁ። ከብት በሚሰማራበት በኩል ዳር ዳሩን ብትሄዱ ይበቃል፤ ወፉም ያለው እዚያው ነው።)

ጭጋጉ ሲገፈፍ መጀመሪያ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ነው። መቶ ምናምን ጥቁር ነጥብ። ቀረብ ብለህ ስታይ ግንባራቸው ነጭ ነው፣ ከላዩ ላይ ሁለት ቀይ ፍሬ የመሰለ ነገር አለ። እነዚህ ነዋሪ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ሲጣሉ ይውላሉ። እንግዶቹ ከነሱ ወዲያ ናቸው። አንደኛው ዳክዬ አፉ ጫፉ ላይ እንደ አካፋ ሰፋ ይላል። ብዙ ሆነው ክብ ይሠሩና እየዞሩ ውኃውን ያማስሉታል፤ ከሥር የተነሣውን ጥቃቅን ነገር በዚያ አካፋቸው ያጣሩታል። ሌላው አንገተ ረጅም ነው፣ ጅራቱ እንደ ወስፌ የሾለ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ባለ አካፋው» እና «ባለ ወስፌው» ብዬ ነው የምጽፋቸው።

ስልኬ ላይ ሜርሊን የሚባል መተግበሪያ አለ። ጎበዝ ነው፤ ፎቶ ስትሰጠው ወይም ድምፅ ስታሰማው የወፉን ስም ይነግርሃል። በእንግሊዝኛ። ያንን ስም ይዤ ቤት ብገባ ለእናቴ ምን ያደርግላታል? «ባለ አካፋው ዛሬ አርባ ሆኖ ዋለ» ስላት ግን ትስቅና «ባለፈው ሳምንትስ ስንት ነበር?» ትላለች። መቁጠር የጀመርኩት በዚህች ጥያቄ ነው። አንድ ቦታ ደጋግሞ መሄድ የሚጥመውም መቁጠር ሲጀመር ነው። ሦስት ሐይቅ በአንድ ቀን ከመዞር አንዱን ሐይቅ አሥር ቅዳሜ ማየት ይሻላል፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ቢጫዋን ሳልነግራችሁ። ደረቷ ቢጫ፣ ጅራቷን ያለ ዕረፍት የምትወዘውዝ፣ ከላም አፍንጫ ሥር የምትሮጥ ትንሽ ወፍ ናት። ላሟ ስትራመድ የሚበረግገውን ነፍሳት ትለቅማለች። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ የሰው ላም ስትከተል ትውላለች። መጋቢት ሚያዝያ ላይ ተመልሳ ትሄዳለች።

እውነቱን ለመናገር ግን ልቤን የወሰዱት እንግዶቹ ሳይሆኑ ባለ አገሮቹ ናቸው። ፈረንጅ ጎብኚ ባይኖኩላር አንግቶ ገፈርሳ የሚመጣው ለነሱ ነው፤ ባለ አካፋውንማ አገሩም ያገኘዋል። ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ፣ ለምሳሌ፣ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ቆሞ ሲታይ አመዳም ነገር ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያሳርፍና ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ይመስላል። ሲነሣ ግን ክንፉ ላይ ያ ፈዛዛ ሰማያዊ ድንገት ይከፈታል። ምናልባት ሦስት ሰከንድ ነው። እኔ በዚያች ሦስት ሰከንድ ነው የተለከፍኩት። ሣሩ መሀል ደግሞ ጉሮሮው ቢጫ የሆነ፣ ቢጫውን ጥቁር ቀለበት የከበበው ወፍ አለ፤ እሱም ከኢትዮጵያ ውጪ አይገኝም። ጉብታ ላይ ወጥቶ ይዘምራል፣ ማንም አያየውም።

ጋጋኖንስ? እኛ ቤት ጋጋኖ ነው የምንላት፣ ያቺን ረጅም ቆልማማ አፍ ያላት፣ ከአገጯ ሥር ቀይ ነገር የሚንጠለጠልባት ትልቅ ወፍ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ድምፅዋን ያውቀዋል፤ ንጋት ላይ በጣሪያ አናት «ሃ! ሃ! ሃ!» እያለች በሰው የምትስቅ የምትመስለዋ ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለችም። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል የሚባለው ለሷ የተተረተ ይመስለኛል። ልጅ ሆኜ ሲነጋ ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሰኝ እጠላት ነበር። ዛሬ እሷን ለማየት እንቅልፌን ትቼ እወጣለሁ።

ሁሌ አይሳካም። አንዴ ቀኑን ሳላይ ኅዳር 12 ላይ ሄድኩ። ኅዳር ሲታጠን! ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ በ1911 ዓ.ም. ሰው የጨረሰው የኅዳር በሽታ ያስለመደን ነው ይባላል። ጭሱ ከየሰፈሩ ተነሥቶ ግድቡ ላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ ጠበቀኝ። ዓይኔ እያነባ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ያን ቀን ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ ወፍ የለም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከተማ ውስጥ፣ ቦታው ይቅርና፣ አንድ ወንዝ ዳር ቆሜ ሳለ አንድ ጥበቃ መጥቶ ባይኖኩላሬን ያዘ። ወፍ እያየሁ ነው አልኩት። «የምን ወፍ?» አለኝ። በዚያች ደቂቃ ታዲያ አንድም ወፍ አልነበረም። ደብተሬን ከፍቼ ባለ አካፋውን፣ ባለ ወስፌውን ሳሳየው ነገሩ ጭራሽ ባሰ፤ ምስጢራዊ ቋንቋ መሰለው። ሃያ ደቂቃ አቁሞኝ ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ የወፎች ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ሳልይዝ አልወጣም። ሥዕል ማንንም ያግባባል።

ንፋስ ሲበዛ ወደ ጫካ ነው የምሄደው፣ መናገሻ ሱባ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። ዘሩ ከየት መጣ መሰላችሁ? ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ። ንጉሡ አስጀመሩት እንበል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ባብዛኛው ወፍ ዘራሽ ነው። የጽዱንም የወይራውንም ፍሬ ወፎች ይበሉታል፣ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። መንገዱ ላይ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፉን ስታልፍ ጫካው ዝም ያለ ነው፤ ጽዱና ዝግባው ሲጀምር ጫጫታው ይጀምራል። ልዩነቱ ዓይን ጨፍነህም ይታወቅሃል።

እዚያ የሚታየው ትንሽ ነው፣ የሚሰማው ብዙ። ቅጠል መሀል አረንጓዴ ሆኖ የተደበቀ ወፍ ወደ ሌላ ዛፍ ሲዘል ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። ይሄ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት። የሳይንስ ስሙም የዳግማዊ ምኒልክን ስም የያዘ ነው፣ ሜኔሊኮርኒስ ይባላል። ከበላዩ ጉሬዛ ያጉረመርማል። ከዚያ ደግሞ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ አፈ ወፍራሙ ቁራ ይመጣል፤ የቁራ መልእክተኛ ብለን የምናማው፣ እኔ የያዝኩትን ዳቦ ግን ጥርግ አድርጎ የሚያውቅ። እና በዚህ ሁሉ ግርግር ሥር፣ ጽዱ ጫፍ ላይ፣ ከአውሮፓ የመጣች አመድማ አረንጓዴ ወፍ ቅጠል ለቅጠል ትዘላለች። ክብደቷ 10 ግራም አይሞላም። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው፣ ሜድትራንያንን የተሻገረው።

መቁጠር የሚወድ ሰው ካለ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጥር ላይ የውኃ ወፎች ቆጠራ ላይ ይሳተፋል። ቢሾፍቱ ጨለለቃ ሄዶ ማታ ማታ የሚያርፉትን ቁመተ ረጅም እንግዶች ማየትም ሌላ ዓለም ነው፣ እሱን ለሌላ ቀን።

ያለፈው ቅዳሜ ገፈርሳ ዳር ተንበርክኬ ነበር። ጅረቱ አጠገብ ቡናማ ወፍ አለች፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ከሥሩ ነጭ ይታያል፤ እሷን እየጠበቅሁ ነው። አንድ እረኛ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ምንም አልጠፋብኝም። ወፍ እያየሁ ነው።»

«የቷን? ያችን ነው?» ብሎ በዱላው አሳየኝ። ከእግሬ አራት እርምጃ ላይ ነበረች። ሃያ ደቂቃ ማዶ ማዶውን ሳይ እሷ ከጎኔ ትል ትለቅም ነበር።

ባይኖኩላሩን ሰጠሁት። ዳክዬዎቹን እንዲያይ ወደ ውኃው አዞርኩለት፣ የት የት እንደሚመለከት ነገርኩት፣ ከየት እንደመጡም ማስረዳት ጀመርኩ። ልጁ ግን ቀስ እያለ መነጽሩን ከውኃው አለፍ አድርጎ ወደ ማዶ ወሰደው። ዝም አለ። አፉን ከፈተ።

«ጋሼ! ላማችን የሰው ክምር ትበላለች!»

ባይኖኩላሩን እጄ ላይ ጥሎ ዱላውን እያወዛወዘ ሮጠ፤ ባለ አካፋዎቹም ደንግጠው ባንዴ ተነሡ። ስንት እንደነበሩ አልቆጠርኩም።