ለንደን ዙ ውስጥ፣ መጣ ሄድ በሚል ዝናብ የሠርግ ፎቶ ማንሳት

እንግሊዝ አገር የሐበሻ ሠርግ የሚበዛው ጾሙ ተፈትቶ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ወቅቱ ደግሞ ጸሐይና ዝናብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚፈራረቁበት ነው። ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ሐሳቡ ከመኪና እስከ በር ባለው መንገድ ያበቃል። በከተማዋ መካነ አራዊት፣ ለንደን ዙ ውስጥ ሲሆን ግን ዋናው ፎቶ ደጅ ነው፤ አንበሳውም በፈለገው ሰዓት ይገባል፣ ይወጣል።

ስለዚህ ከካሜራ በፊት ፕሮግራሙን አስተካክሉ። ለሙሽሮቹ አንድ ሙሉ ሰዓት በአንድ ጊዜ አትያዙ፤ አሥር አሥር ደቂቃ አድርጋችሁ አራት አምስት ቦታ ላይ በትኑት። እያንዳንዱ ክፍት ቦታ በሁለት ደቂቃ እርምጃ የሚደረስበት መጠለያ ይኑረው። ይህን ቀደም ብላችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት እንጂ ካርታ ላይ አትወስኑ። እንዲህ ያለው ዝናብ የሚፈጠረው ጸሐይ መሬቱን አሙቃ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ሲነሣ በመሆኑ ከቀትር በኋላ ይበረታል፣ ወደ ማታ ይደክማል። በግንቦት አጋማሽ ለንደን ላይ ጸሐይ የምትጠልቀው 20፡45 ገደማ ስለሆነ ምርጡን አሥር ደቂቃ ለማታ አስቀምጡት። በዕለቱ የ«40 በመቶ ዝናብ» ዓይነት ትንበያ አይረዳም፤ የእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት የሆነውን የሜት ኦፊስን የዝናብ ራዳር ከፍታችሁ ደመናው ወዴት እንደሚጓዝ እዩ።

ዝናብ እየዘነበ ከሆነ ወደ ፔንግዊኖቹ ሂዱ። በ2011 የተከፈተው ፔንግዊን ቢች ውስጥ ያሉት ሃምቦልት ፔንግዊኖች ውሃ ምናቸውም አይደለም። በ2016 የተከፈተው የእስያ አንበሶች ግቢ ግን ለማባሪያ ሰዓት ይሻላል፤ አንበሳ በዶፍ ጥላ ሥር ገብቶ ይተኛል። ሞንኪ ቫሊን አትለፉት። የድሮው የስኖውደን የአዕዋፍ ቤት ነው፤ በ2022 ታድሶ የተከፈተው አገር ቤት ለምናውቀው ለጉሬዛ ነው። ለሐበሻ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ዳራ በግቢው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጥቁርና ነጭ ጸጉሩ ከነጩ ቀሚስና ከጥቁሩ ካባ ጋር ይስማማል፤ ብርሃኑን ግን በነጩ ለኩ፣ የጥቁሩ ዝርዝር በሮው ፋይል (ካሜራው ባልቀየረው ጥሬ ምስል) ይወጣል።

ብዙ ፎቶ የሚበላሸው መስታወት ላይ ነው። ሙሽራዋ መስታወቱ አጠገብ ስትቆም ነጩ ቀሚሷ ተመልሶ ይታይበታል፣ እንስሳውንም ይሸፍነዋል። አንደኛው መላ ሙሽሮቹን ከመስታወቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቃችሁ፣ ጥቁር ልብስ የለበሱ ሚዜዎችን ከፍሬሙ ውጭ በነጸብራቁ አቅጣጫ ማቆም ነው። ሁለተኛው ፖላራይዘር፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ ነው፤ መስታወቱን ፊት ለፊት ስታነሡ ግን ምንም አይሠራም። ከፊት ለፊት 55 ዲግሪ ገደማ ዘወር ስትሉ ነጸብራቁ ይጠፋል፤ ዋጋው ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)። እንስሳውን ብቻ ከፈለጋችሁ የላስቲክ የሌንስ ጥላ መስታወቱ ላይ ለጥፋችሁ አንሡ።

ሙሽሮቹንና እንስሳውን አንድ ላይ ለማሳየት ዳራውን የሚያደበዝዘውን ሰፊ የሌንስ ክፍተት፣ ኤፍ 1.8ን እርሱት። በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ፣ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በጠባቡ ክፍተት ኤፍ 8፣ ሙሽሮቹ በ6 ሜትር፣ እንስሳው በ12 ሜትር ቢሆኑ እንስሳው ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ ማንነቱ አይጠፋም። ደመናው ሲጠቁር ይህ አይኤስኦ (የካሜራው ብርሃን የመቀበል ስሜት) እስከ 1600 ወይም 3200 ሊጠይቅ ይችላል፤ ክፈሉት። እዚህ ላይ ሹተር (የመዝጊያው ፍጥነት) ከ1/250 ሰከንድ አይውረድ። ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) 5600 ኬልቪን ላይ ቆልፉት፤ በአውቶ ከተዋችሁት ደመና በመጣ ቁጥር ቀሚሱ ሌላ ነጭ ይሆናል።

ልብሱ ከካሜራው በላይ ያሳስበኛል፤ ካሜራ ይተካል። የሐበሻ ቀሚስ ጥጥ ነው፤ ጫፉ ጭቃ ከነካ ውሃውን ሽቅብ ይስበዋል፣ ሲርስ ይከብዳል፣ ገላም ያሳያል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ነጭ ፕላስቲክ ያዙና ቀሚሱ ሥር አንጥፉት፤ የቀሚሱ ጫፍ ፕላስቲኩን ይሸፍነዋል። በመንገድ ላይ ሁለት ሚዜዎች ቀሚሱን ከግራና ከቀኝ ያንሡት። የረሰበትን በፎጣ ጫን ጫን አድርጉ እንጂ አትሹት፤ የጥለቱ ቀለም ሊለቅ ይችላል። የከፋይ ካባ ላይ ጠብታ ካረፈ አራግፉትና ተዉት፤ እርጥቡን የጠረገ ሰው ጸጉሩን አስተኝቶ ምልክት ያስቀርበታል። ጃንጥላ ግልጽ ወይም ነጭ ብቻ። ቀይ ጃንጥላ ፊትን ቀይ ያደርጋል፣ ጥቁሩ ያጨልማል።

ዝናቡ ራሱ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ከኋላው ብርሃን፣ ከጀርባውም ጨለማ ያስፈልገዋል። ከእንስሳቱ ርቃችሁ፣ የተቆጣጣሪዎቹን ፈቃድ ይዛችሁ፣ ፍላሹን በላስቲክ ሸፍናችሁ ከሙሽሮቹ ጀርባ ሁለት ሜትር ላይ አቁሙት። 1/16 ኃይል፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 800፣ ሹተር 1/200። እንስሳ ባለበት ፍላሽ የለም። ከበሮውና እልልታውም ከአጥሩ ራቅ ብሎ ይሁን፤ ለነገሩ ቆዳው እርጥበት ሲያገኘው ስለሚላላ ከበሮውን በደረቅ ቦታ ማቆየት ለመቺውም ይጠቅማል።

ከብርዱ ወደ ሞቃቱ የሞቃታማ ደን ቤት ስትገቡ ሌንሱ ወዲያው ጉም ይለብሳል፤ እርጥቡ አየር ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ስለሚሆን ነው። መጥረግ ዋጋ የለውም፣ ተመልሶ ይመጣል። ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን በሚታሸግ ላስቲክ ከታችሁ ግቡ፤ ቤቱ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል እንደታሸገ አቆዩትና አውጡት። እዚያ ከገባችሁ ደግሞ ሌንስ አትቀይሩ።

ሲያባራ አትቀመጡ። እርጥቡ አስፋልት የሚያንጸባርቀው ያን ጊዜ ነው፤ ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጉ። ቀስተ ደመና የሚወጣው ጸሐይ ከ42 ዲግሪ በታች ስትሆን ነው፤ በግንቦት እኩለ ቀን አትፈልጉት። ማታ ላይ ግን ጸሐይን ለጀርባችሁ ሰጥታችሁ ወደ ዝናቡ ተመልከቱ።

ቤት ስትደርሱ ባትሪና ካርድ አውጥታችሁ ክዳኖቹን ክፍት ተዉ፤ ካሜራውን ማሞቂያ ላይ አታስቀምጡ፣ በክፍሉ ሙቀት ይድረቅ። ካርዶቹን ግን ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት ቦታ ገልብጡ።