ዳክዬም ይሰምጣል

ዛሬ ሐይቅ አካባቢ፣ ዳክዬ በሚረባበት አንድ የቤተሰብ እርሻ፣ በኩሬው ጠርዝ መወጣጫ ስንሠራ ዋልን። ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ብዙ ጫጩት የሚያልቀው ግን እዚህ ጋ ነው። ፕላስቲክ የለበሰ ኩሬ ዳሩ ያንሸራትታል። ጫጩቱ ዘሎ ይገባል፣ መውጣት ያቅተዋል፣ ላባው ይርሳል፣ ይበርደዋል፣ ይሰምጣል። እናት ዳክዬ ሳይኖረው ዶሮ ያሳደገችው ደግሞ ቶሎ ይርሳል።

ሻካራ ሳንቃ ፈልጉ፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀጭን እንጨት ምቱበት፤ የታችኛው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይግባ። በጋ ላይ ውሃው ሲጎድል ሳንቃው አየር ላይ ይቀራልና ረዘም ይበል። ሚስማሩ ፕላስቲኩን እንዳይበሳ ከሥሩ ጆንያ አንጥፉ። እስከ 8 ሳምንት፣ ላባቸው እስኪሞላ ድረስ፣ ኩሬው ይቅርባቸው። አፍንጫቸውን የሚያስነክር ጎድጓዳ ሳህን ይበቃቸዋል፤ እሱም ከመኖው አጠገብ ይሁን፣ ደረቅ መኖ ያንቃቸዋል።

ለዶሮ የዳክዬ እንቁላል የምታስታቅፉ፣ ቀን ቁጠሩ። የዶሮ 21 ቀን ነው፣ የዳክዬ 28። በ22ኛው ቀን «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል የተለመደ ጥፋት ነው (ያሳዝናል!)። ከ8 እንቁላል በላይ አትስጧት፣ ትልቅ ስለሆነ አትሸፍነውም።

የሻገተ በቆሎ በፍጹም አትስጡ። ዶሮ የቻለችውን ሻጋታ ዳክዬ አትችለውም፣ ጉበቷን ይጨርሰዋል።

ውሃው አረንጓዴ ሆነብን ለምትሉ፣ አብሽሩ፤ ኩሳቸው ነው። ለሽንኩርቱ መደብ ልቀቁት። ለመጠጥ ግን ለከብትም አይሁን።