የእድሩ ድስት

ውሃ ማክሰኞ ይመጣል ተብሎ ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መጣ። ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ነገር ይተፋል፣ ከዚያ ነው ውሃ የሚሆነው። እማዬ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ነበር። ይቺ ሴትዮ ቧንቧ ሲያስነጥስ በተዘጋ በር ትሰማለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ስጠራት ግን አትሰማም። ጀሪካኖቹን ሞላን፣ ባልዲውን ሞላን፣ በመጨረሻ የእድሩን ድስት። ስንጨርስ 9 ተኩል ሆነ። ጠዋት ተረኛ ነኝ፣ እንቅልፌ ግን ሄዷል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይኼን እየጻፍኩ ነው።

ስለ ድስቱ ላውራ መጀመሪያ። ካዛንቺስ የነበረው የእድራችን ድስት ነው። ብረት ድስት፣ ለመቶ ለቀስተኛ የሚበቃ፣ ሆዱ ላይ በነጭ ቀለም "ቁ. 3" ተብሎ የተጻፈበት። ኅዳር 2017 ቤቶቹ ሲፈርሱ እድርተኛው በየአቅጣጫው ተበተነ። ድንኳኑን ዳኛው ወሰዱ፣ አግዳሚዎቹን ገንዘብ ያዡ፣ ድስቱ ለእማዬ ደረሰ፤ ሠላሳ ዓመት በእሱ ስትሠራ የኖረችው እሷ ናትና። "ለጊዜው ያዢው" ነው ያሏት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ስንመጣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልሾልክ አለ። የብሎኩ ጎረምሶች በገመድ አስረው በበረንዳ በኩል ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጎተቱት። አንደኛው ላቡን እየጠረገ "እትዬ፣ ይኼ ድስት ነው ሮቶ?" አላት። አፉ ላይ ነበር ነገሩ። አሁን ሮቶ ነው።

እሺ፣ ወደ ጉዳዬ። ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው። ነርስ ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ጀርመን ነርስ ትፈልጋለች። ዲግሪሽን እዚያ ታስመዝኛለሽ፣ ቋንቋውን "ቢ ሁለት" የሚባለው ደረጃ ታደርሻለሽ። ፈተናው ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር ነው፣ በእያንዳንዱ ከመቶ 60 ማምጣት ግድ ነው። እኔን የሚገድለኝ ማዳመጡ ነው። ሰዎቹ ግሱን የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይወረውሩታል፤ አማርኛም እንደዚያው ነው ብዬ ነበር የተጽናናሁት፣ ግን እነሱ ግሱን ለሁለት ይሰነጥቁትና ግማሹን መሐል ላይ ትተው ግማሹን ዳር ያስቀምጡታል። ቅዳሜ ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ ወጥቼ በሁለት ታክሲ፣ ካልቀናኝ በሦስት፣ ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት እገባለሁ። ሰልፍ ላይ ቆሜ ያየሁትን ሁሉ በጾታ እከፍላለሁ። አውቶቡሱ ወንድ፣ መንገዱ ሴት፣ መኪናው ምኑም ያልሆነ። ረዳቱ "ሳሪስ! ሳሪስ!" ሲል ሳሪስ ምንድን ናት እያልኩ።

ሥራ ቦታ ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ስለ በሽተኛ ማውራት ከተውን ቆየን። ማን ሄደ፣ ማን ሊሄድ ነው፣ ማን ወረቀቱ ተመለሰበት። አብረን ከተመረቅነው ውስጥ እዚህ የቀረነውን በአንድ እጄ ጣቶች ልቆጥር እችላለሁ።

አንድ ቀን ታክሲ ስጠብቅ ሒሳብ ሠራሁ። ምክሬ፣ ታክሲ ስትጠብቁ ሒሳብ አትሥሩ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ቀኑን የማልረሳው ዑራኤል ስለነበረ ነው፤ እኛ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ስለ ዶላር ያወራል። በዋዜማው 57 ብር አካባቢ የነበረ ዶላር ነው አሁን ከ140 በላይ የሆነው። መስከረም 2018 ላይ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተስተካከለ፤ ዲግሪ ይዞ ለሚጀምር ከ6,940 ወደ 11,500 ብር። እሰየው ነው። ግን በዶላር ስመታው የድሮው 6,940 ከ120 ዶላር ያልፍ ነበር፣ የአሁኑ 11,500 ደግሞ 80 ቢሞላ ነው። "በዶላር አንበላም" ይላል አንድ የሥራ ባልደረባዬ። ልክ ነው። ዘይቱ ግን በዶላር ነው የሚመጣው።

ደመወዙ ብቻ አይደለም። እውነቱን ልናገርና፣ ለራሴ ስደጋግም የኖርኩት ሰበብ ሌላ ነበር። "ምን ቀረልኝ?" የሚል። የተወለድኩበት ቤት የለም፣ ሰፈሩ የለም፣ ጎረቤቱ የለም፤ እንግዲህ እዚህ ባዳ ከሆንኩ እዚያ ባዳ ብሆን ምን ልዩነት አለው። ከካዛንቺስ ቱሉ ዲምቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ግን አንዴ የተሰደድኩ ያህል ነው የሚሰማኝ፣ ቪዛ ሳልጠየቅ።

ክፍል ውስጥ አንድ ቀን "ሰፈራችሁን ግለጹ" የሚል የቤት ሥራ ተሰጠን። ስለ ካዛንቺስ ጻፍኩ። "ማይን ፊርትል ኢስት ላውት" ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ሰፈሬ ጫጫታ ነው ማለት ነው። ስለ ጠጅ ቤቱ፣ ስለ ጫማ ጠጋኙ፣ ለስምንት አባወራ የጋራ ስለሆነው ሽንት ቤት (ይኼኛውን በጀርመንኛ በደንብ ነው የገለጽኩት)። መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ "የት ጋ ነው ቤታችሁ?" አለኝ። ፈርሷል አልኩት። ወረቀቱን እንደገና ወሰደና ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ "ኢስት" ያልኩትን ሁሉ እየሰረዘ "ቫር" እያለ ጻፈበት። ነው፣ ነበር። ነው፣ ነበር። አሥራ አንድ ቦታ። "ይቅርታ" አለኝ ሲመልስልኝ። ሰዋስው ስላረመ ይቅርታ የጠየቀኝ የመጀመሪያው አስተማሪ ነው።

ግን ነገሩን አላሳምረውም። ያ ቤት የቀበሌ ጭቃ ቤት ነበር፣ ክረምት ያፈስሳል፣ አይጡ ከእኛ በላይ መብት ነበረው። አሁን የራሳችን ሽንት ቤት አለን። ውሃ ሲኖር። አዲሱን መንገድም አይቼዋለሁ፣ ያምራል፤ የብስክሌት መንገድ፣ ሰፊ የእግር መንገድ፣ ማታ መብራቱ። አንድ ቀን ከእማዬ ጋር ዑራኤል ተሳልመን ቤታችን የነበረበትን ልንፈልግ ሄድን። እኔ ጠፋኝ። እሷ ግን ከአንድ ያልፈረሰ አጥር ተነስታ እርምጃዋን እየቆጠረች ሄደችና የብስክሌት መንገዱ ላይ ቆመች። "እዚህ ጋ ጓዳችን" አለች። አንድ ልጅ በብስክሌት መጥቶ ደወለባት። "እለፍ ልጄ" ብላ ከጓዳዋ ወጣችለት።

የሚገርመው ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የእኛ አይደለም። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው ድርጅት በምኅጻረ ቃል "ኢንቺስ" ይባል ነበር፤ "ካዛ ኢንቺስ"፣ የኢንቺስ ቤት። እኛ አፋችን ላይ አሟሽተን ሰፈር አደረግነው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ይኼን የነገሩኝ ወተት የሚያመጡልን እናት ናቸው፤ ብሎኩ ሁሉ ሃርሜ ነው የሚላቸው። ጠዋት ጠዋት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ለወሬ ያህል "ሃርሜ፣ እርስዎ ከየት ነው የሚመጡት?" አልኳቸው። ሳቁብኝ። በጣታቸው ብሎካችንን አሳዩኝ። "እዚህ ምስር ነበር" አሉ። "እዚያኛው ብሎክ ጤፍ። አንቺ የምትተኚበት ጋ ምስር።" ካሣ ምን ያህል እንደተሰጣቸው አልጠየቅኩም፣ ደፈርኩም ማለት አልችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን "የእኔን ሰፈር ወሰዱብኝ" የሚለውን ለቅሶዬን እሳቸው ፊት አላለቅስም።

እና ሰበቤን ያበላሸብኝ ነገር። ከገና በፊት ከታች ያሉ ሽማግሌ አረፉ። ብሎኩ እድር አልነበረውም፤ ግማሹ ተከራይ፣ ግማሹ ከየፈረሰው ሰፈር የመጣ፣ ሰላምታ እንኳ በደረጃ ላይ ጭንቅላት መነቅነቅ ብቻ። ድንኳን ከየት ይምጣ፣ ወንበር ከየት ይምጣ። እማዬ ማንንም አልጠየቀችም። በረንዳ ላይ ወጥታ "ጀሪካን ያላችሁ ኑ!" ብላ ጮኸች። ውሃውን ለሰው ሁሉ አከፋፍላ ድስቱን አስወረደች፣ በዚያው ገመድ። እስከ ሰልስት ድረስ እሳቱ አጠገብ ነበረች። ሃርሜም ወተታቸውን ይዘው መጥተው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ፣ በኦሮምኛ ሲያለቅሱ ቃሉን ያልሰማነውም አብረን አለቀስን። በአሥራ አምስተኛው ቀን የብሎኩ ሰዎች ተሰብስበው እድር አቋቋሙ። እማዬ የወጥ ቤቱ ኃላፊ። "ቁ. 3" የሚለውን ቀለም እናጥፋው ወይስ ይቀመጥ በሚል ብቻ አንድ ሰዓት ተከራከሩ። እንዲቀመጥ ተወሰነ፣ ቁጥር 1 እና 2 የት አሉ ለሚለው እንግዲህ መልስ ይፈልጉለት።

እኔ ያን ሰሞን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ በጀርመንኛ እየጻፍኩ ነበር። ከታች የሽንኩርቱ ሽታ ይመጣል፣ "ነይ ሽንኩርት ክተፊ" ብላ ልጅ ትልክብኛለች፣ እኔ "መጣሁ" እላለሁ። እማዬ በ68 ዓመቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰፈር ሠርታለች። "ምን ቀረልኝ" የምለው እኔ ነኝ፣ እሷ ያለፈችበት የብስክሌት መንገድ ላይ ቆሜ የቀረሁት እኔ።

ስለዚህ አሁን ሰበብ የለኝም፣ መሄድ ግን እፈልጋለሁ። ይኼን ማለት ይከብደኛል። ተገፍቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ደክሞኛል፣ ደመወዜ ወር አይሞላም፣ ደግሞም አንዴ ሌላ አገር ማየት እፈልጋለሁ፣ በቃ። ሽቱትጋርት አጠገብ አዛውንቶች ማረፊያ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። "ነይ" ብላኝ አታውቅም፣ "አትምጪ"ም ብላኝ አታውቅም። ባለፈው ፋሲካ ተረኛ ነበረች። ደወለችና "ቡና እያፈላችሁ ነው?" አለችኝ፣ አዎ ስላት "ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪው፣ አታውሩኝ፣ ዝም ብዬ ልስማ" አለች። ሲኒው ሲንኳኳ፣ እማዬ ስታማ፣ ሦስተኛው እስኪወጣ ድረስ መስመር ላይ ነበረች። በኋላ ሳየው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይላል። እሷ ግን በወሩ ለእናቷ ጣሪያ አስቀይራለች። የትኛውን ነው የምመዝነው?

ወንድም ቢኖረኝ ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። እህትም ቢሆን። ድስቱን የሚሞላላት ሰው። ጎረምሶቹ አሉ፣ ሃርሜ አሉ፣ እድሩ አለ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን ጀሪካን የሚያነሳው ማነው?

አሁን 11 ሰዓት ሆነ። ዛሬ ጥር 22 ነው፣ ዓመታዊው ዑራኤል። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ጨርሳለች። ሦስት ታክሲ ይዛ ትሄዳለች፣ ታቦቱ ሲወጣ ለመድረስ። አብሬያት አልሄድም፣ ተረኛ ነኝ። አስቀድሜ መጻፍ የነበረብኝ አንድ ነገር አለ፦ የመጋቢቱን ፈተና ባለፈው ሳምንት ከፍያለሁ። አልነገርኳትም። ቅድም ድስቱን ስንሞላ ጀሪካኑን እያቀበለችኝ፣ ቀና ሳትል፣ "ደረሰኝሽ ሱሪሽ ኪስ ውስጥ ነበረ፣ እንዳይታጠብ አወጣሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ ነው" አለችኝ። ሌላ ምንም። እኔም ምንም። ውሃው ብቻ ነበር የሚያወራው።

በሩን ዘግታ ወጣች ብዬ መጻፌን ስቀጥል ከደረጃው ተመልሳ ከፈተችው።

"ድስቱን ክደኚው" አለች፣ "አቧራ ይገባበታል።"