ያልቆጠርኩት ልጅ፦ ሕፃናትን በጨዋታ መጽሐፍ ቅዱስ ሳስተምር የደረሰብኝ

ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ የሕፃናት ክፍል ለሚረከቡ ወንድሞችና እህቶች ነው። እኔ ስረከብ የተሰጠኝ የስም መዝገብ፣ የአዳራሹ ቁልፍና አንድ ፓኬት ጠመኔ ነበር። «ልጆቹ እንዳይረብሹ በጨዋታ ያዛቸው» ተባልኩ እንጂ የትኛው ጨዋታ ምን እንደሚያስከትል የነገረኝ ሰው የለም። ቢነገረኝ ኖሮ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ 50 ደቂቃ ባልተቀመጠም ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ዘወትር ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው የማስተምረው። በመዝገቡ ላይ ከአራት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው 34 ልጆች አሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እኔ በተማርኩበት መንገድ አስተማርኩ፤ እኔ እላለሁ፣ እነርሱ ይከተላሉ። የቄስ ትምህርት ቤቱን ዘዴ አላቃልልም። ፊደሉም ዳዊቱም በዜማ እየተደጋገመ ልብ ላይ ይታተማል። ነገር ግን ያ ዘዴ የሚሠራው ልጁ በየቀኑ ከመምህሩ እግር ሥር ሲውል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ወንበር ላይ ተቀምጦ የከረመ የአምስት ዓመት ልጅ ቅዳሜም ተቀመጥ ሲባል ዓይኑ መስኮቱ ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ የተሳካልኝ የኖኅ መርከብ ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ርዝመቷን 300፣ ወርዷን 50፣ ከፍታዋን 30 ክንድ ይላል። ክንድ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ መሆኑን አሳየኋቸው። ከዚያ ሲባጎ አስይዤ፣ በእኔ ክንድ እየለካን ከአዳራሹ በር ተነሣን። 300 ክንድ ወደ 135 ሜትር ይሆናል፤ ቅጥር ግቢው አልበቃንም። የግቢው በር ላይ ስንደርስ ገና 210 ነበርን። ዘበኛው ከተቀመጡበት ተነሥተው የቀረውን በኮብልስቶኑ መንገድ ላይ አብረውን ቆጠሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት ልጅ እየሮጠች መጥታ «ጋሼ፣ አልጋችን በእኔ ክንድ 6፣ በአባዬ ክንድ ግን 4 ነው» አለችኝ። ቤት ድረስ የተከተላት ትምህርት ያ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ጎልያድን በአዳራሹ ጀርባ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ሣልኩት። መጽሐፈ ሳሙኤል 6 ክንድ ከስንዝር ይለዋል፤ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ነውና መሰላል ተውሻለሁ። ዳዊት ከወንዝ የመረጣቸው ድንጋዮች አምስት እንደ ነበሩ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት የካልሲ ኳስ ሰጠሁ። እውነተኛ ጠጠር፣ ትንሽም ብትሆን፣ እንዳታስይዟቸው።

ለረባሽ ክፍል ከኢያሪኮ የሚበልጥ አላገኘሁም። ከሱቅ የለመንኳቸውን ባዶ ካርቶኖች ደርድሬ ቅጥር እሠራለሁ። ኢያሱ ሕዝቡን ድምፃችሁ አይሰማ ብሎ አዝዟልና ልጆቹ ስድስቱን ዙር አፋቸውን ይዘው በእግር ጣታቸው ይዞራሉ። በሰባተኛው እልልታው ይቀልጣል፣ ቅጥሩ ይፈርሳል። በዝምታ ስድስት ጊዜ የዞረ ልጅ ከዚያ በኋላ የምነግረውን ሁሉ ይሰማል። የሰናፍጭ ቅንጣትን ምሳሌ ሳስተምርም ከቅመም ነጋዴ ሰናፍጭ ገዝቼ በየመዳፋቸው አንዳንድ ፍሬ አስቀመጥኩ። ግማሾቹ ወዲያው ጣሉት፤ መሬት ላይ ተደፍተው ሲፈልጉት የፍሬዋን ትንሽነት እኔ ከምነግራቸው በላይ አወቁ።

እንቆቅልሽ ደግሞ ምንም ወጪ የሌለው ነው። አንድ ልጅ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ሌሎቹ «ምን አውቅልህ» ይላሉ። «ቤቴ ይዋኛል፣ በር የለውም፣ ሦስት ቀን አድሬበታለሁ» ያለው የዮናስ እንቆቅልሽ የሰባት ዓመት ልጅ ሥራ ነው። መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል፤ እኛ ዘንድ የሚሰጠው አገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ልጆቹ ነነዌን፣ ኢያሪኮን፣ ቅፍርናሆምን፣ ቢታንያን ሳላስጠናቸው ያውቃሉ።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ።

ከበላይ የተላከ የማስተማሪያ መመሪያ ልጆች በዕድሜ ተከፍለው ይማሩ ይል ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ነበር የምይዘው። በእኛ ሰፈር ታናሹን የሚያመጣውም የሚመልሰውም ታላቁ ነው፤ አብረው ይቀመጣሉ፣ አፍንጫውንም ታላቁ ይጠርግለታል። ነገር ግን መመሪያ ነውና ከፈልኳቸው። ትልልቆቹ ሌላ ክፍል ገቡ፤ በዚያች ዕለት እኔ ዘንድ 19 ትንንሾች ቀሩ። አንዱ ዝምተኛ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። የዘጠኝ ዓመት እኅቱ ወዲያኛው ክፍል ሄዳለች።

ትምህርቱ ሉቃስ 15፣ የጠፋው በግ ነበር፤ መቶ በጎች ያሉት እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋውን አንዱን የሚፈልግበት ምሳሌ። እረኛው እኔ ነኝ፤ አንድ ልጅ ይደበቃል፣ ሌሎቹ በጎች ሆነው ይጠብቃሉ፣ እኔ እየተጣራሁ እፈልጋለሁ፣ ሳገኘው በትከሻዬ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ለአራት ልጆች በደንብ ሠራ። ከዚያ ሁሉም «እኔም ልጥፋ! እኔም!» ሲሉ ልቤ ሞቀና ፈቀድኩ። የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ሁላችሁም ጥፉ። እረኛው አንድም በግ ትቶ አይሄድም። እኔ መጥቼ እስካገኛችሁ ድረስ ድምፅ እንዳታሰሙ፣ እንዳትወጡም።»

ስድስት ወይም ሰባት ያህል እንዳገኘሁ አንድ የደብሩ ኃላፊ ገቡ። ሰዓቱ 9 ተኩል ነው። አዳራሹ ለስብሰባ ስለሚፈለግ አሁኑኑ ልቀቁ አሉኝ። እስከ 10 ሰዓት የእኛ መሆኑ በር ላይ ተለጥፏል። አሥር ደቂቃ ለመንኩ። «አዳራሹ የልጆች መጫወቻ አይደለም» አሉ፤ ወንበር የሚያስተካክሉ ሰዎችም ከኋላቸው ገቡ። እኔም ጮክ ብዬ «ጨዋታው አልቋል፣ ሁላችሁም ውጡ!» አልኩ። ልጆቹ ከየመጋረጃውና ከየወንበሩ ሥር እየተንጫጩ ወጡ። ግቢው ውስጥ ሰብስቤ ቆሎ አደልኳቸው። ከኢያሪኮ የተረፉትን ካርቶኖቼን ቆጥሬ በገመድ አሰርኩ። ልጆቹን አልቆጠርኩም።

ትልልቆቹ 10 ሰዓት ሲሞላ ተለቀቁ። እኅቱ ወንድሟ ከእኔ ጋር ያለ መስሏት በር ላይ እናቷን ትጠብቃለች። እናትየው ሕፃን አዝላ መጣችና «ትንሹስ?» አለችኝ። «አሁን እዚህ ነበር» አልኳት። ያንን ስል ራሱ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳላየሁት ማሰብ ጀመርኩ።

ከበሩ ውጭ ታክሲ የሚራወጥበት ዋና መንገድ አለ። መጀመሪያ ወደዚያ ሮጥኩ። ዘበኛው ብቻውን የወጣ ልጅ የለም አሉኝ፤ አላመንኳቸውም። ጠበል ቤቱን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የዛፎቹን ሥር አየሁ። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ የአዳራሹን በር አንኳኳሁ። እኚያው ኃላፊ ብቅ ብለው «አጀንዳ ላይ ነን፣ ስንጨርስ» አሉኝ። ልጅ ጠፍቶብናል ብላቸው «ጨዋታ ስታበዙ ነው» ብለው በሩን መለስ አደረጉት። እናትየው በሩን ገፍታ ገባች። በስብሰባው መካከል አልፋ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ በአዳራሹ ጥግ ያለውን ዕቃ ቤት ከፈተች። ወንበር የሚያወጡት ሰዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ መቀርቀሪያውን ከውጭ ጥለውት ሄደው ነበር።

ከትልቁ ከበሮ ጀርባ፣ በተጠቀለለ ሰሌን መካከል ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሱሪው ርሷል። አላለቀሰም። በሩ ሲከፈት ከእናቱ አልፎ እኔን አየኝና «ጋሼ፣ አሁን ተገኘሁ?» አለኝ።

እናትየው ምንም አልተናገረችኝም። ነጠላዋን አውልቃ ከወገቡ በታች ሸፈነችውና እጁን ይዛ ወጣች። ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር።

«ውጡ» ያልኩትን ሰምቶ ነበር። ነገር ግን እስካገኛችሁ እንዳትወጡ ብያቸዋለሁና ትእዛዙን አክብሮ ጠበቀኝ።

ነገሩ በሦስት ስብሰባዎች ታየ። በመጨረሻ የተሰጠኝ ደብዳቤ በሕፃናት ክፍል ማንኛውም ጨዋታ እስከሚቀጥለው ውሳኔ መታገዱን ይገልጻል። ስለ መቀርቀሪያው አንድ ቃል የለበትም። ስለ አዳራሹ ሰዓት፣ ልጆች ሲገቡና ሲወጡ ስለ መቆጠራቸው፣ 19 ሕፃናትን ብቻውን ስለ ያዘ አንድ መምህር ምንም አይልም። ጥፋተኛው ጨዋታ ሆነ። መቀርቀሪያው ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ነበር፤ በመጨረሻ ካቻቪቴ ከቤት አምጥቼ ራሴ ነቀልኩት። በዚህ ዛሬም እናደዳለሁ፤ አልደብቅም።

በራሴ ግን የበለጠ እናደዳለሁ። ለብዙ ሳምንታት ለጠየቀኝ ሁሉ «አዳራሹን ቀምተውኝ ነው» እያልኩ ስመልስ ነበር። አዳራሹን መቀማቴ እውነት ነው፤ 19 ልጅ ለመቁጠር ግን ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፣ የሚከለክለኝም አልነበረም። አባቶቻችን በአንድምታው (በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜው) ዘጠና ዘጠኙን በመላእክት፣ የጠፋውን በአዳም ይመስሉታል፤ ይህንን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። እረኛው ከመቶው አንዱ መጉደሉን ያወቀው ቆጥሮ መሆኑን ግን አላስተዋልኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ መሪጌታ አስከትዬ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። እናትየው ቡና አፈላችልን። ሁለተኛው እስኪቀዳ ዝም አለችና «ልጄ ቃልህን አምኖ ነው የቀረው» አለችኝ። መሪጌታውም ዝም አሉ።

እገዳው ሲነሣ አሠራሬን ለወጥኩ፤ እናንተም ከዚሁ ብትጀምሩ እመክራለሁ። ልጅ አይደበቅም፤ ዕቃ ይደበቃል። ሉቃስ 15 ላይ ከበጉ ቀጥሎ ያለውን የጠፋውን ድሪም (አሥር የብር ሳንቲሞች ኖረዋት አንዱ የጠፋባትን ሴት ምሳሌ) አስተምሩ፤ ለዚያ ደግሞ «መሀረቤን ያያችሁ» የተባለው የልጅነታችን ጨዋታ ተስማሚ ነው። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከኋላቸው እየዞረ «ድሪሜን ያያችሁ?» ይላል፣ «አላየንም» ይላሉ፤ ከአንዱ ጀርባ ይጥለዋል። አሥር ሳንቲሞች ይዤ እገባለሁ፣ አሥሩንም ይዤ እወጣለሁ፣ ልጆቹም አብረውኝ ይቆጥራሉ። በጉን ማስተማር ካስፈለገ ከጥጥ የተሠራ በግ ደብቁና ልጆቹ እረኛ ይሁኑ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ከሌለ፣ አንዱም በር ላይ ካልቆመ፣ የሚያስሮጥ ጨዋታ አትጀምሩ፤ እንቆቅልሽ ተጫወቱ። ሲገቡ ቁጠሩ፣ ሲወጡ ቁጠሩ፣ ሰው ሲያጣድፋችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ።

መመሪያው በዕድሜ ክፈሉ ቢልም እኔ እኅትና ወንድም አልለይም። እኅቱ አጠገቡ ብትሆን ኖሮ ያለ እርሱ ከአዳራሹ አትወጣም ነበር። ቃል በቃል ላጠና ከረሜላ ስጡ የሚለውንም ትቼዋለሁ። ሁለት ወር ሞከርኩት፤ የሚሸለሙት ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ልጆች ነበሩ፣ አንዲት ልጅ ደግሞ መምጣት አቆመች። በጾም ወራት ብስኩት ከማምጣታችሁ በፊት ወተት እንዳለበትና እንደሌለበት ማሸጊያውን አንብቡ፤ ሰባት ዓመት የሞላቸው ይጾማሉና በጓደኞቻቸው ፊት ይሸማቀቃሉ። ለጨዋታ ቦታ ስትፈልጉ ደብዳቤ አትጻፉ። የደብሩን አስተዳዳሪ በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ ከቤተ መቅደሱ ርቃችሁ ከአዳራሹ ጀርባ እንደምትጫወቱ አሳዩአቸው። ደብዳቤ መልስ እስኪያገኝ ልጆቹ ያድጋሉ።

ልጁ በሦስተኛው ወር ተመልሶ መጣ። በር አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም፤ እኔም ሌላ ቦታ ሂድ ብዬው አላውቅም። የፊታችን ቅዳሜ ትምህርታችን ኢያሪኮ ነው። 22 ካርቶን አለኝ፤ ከእነርሱ ሁለቱን የፓስታ ካርቶኖች ትናንት እናቱ በእኅቱ እጅ የላከችልኝ ናቸው።