ዲስቻርጅ ሆኜም ያልለቀቀኝ ዕዳ፣ ከሰብሳቢዎችና ከክሬዲት ፋይል ጋር የነበረኝ ትግል

እዚህ እንግሊዝ አገር ስለ ባንክራፕትሲ (ዕዳ መክፈል ሲያቅት በሕግ ከስሬያለሁ ማለት) አበሻ ለአበሻ አይነጋገርም። ነውር ይመስለናል፣ ሰው ቢሰማ ምን ይላል እያልን ሁሉም የየራሱን አፍኖ ይይዛል፣ በዚህ የተነሳ የማይመለከተውን ዕዳ በየወሩ ሲከፍል የሚኖር ወገን አለ፣ እኔ ራሴ አውቃለሁ። ስለዚህ ያለፍኩበትን ልጻፈው ብዬ ነው። ባንክራፕትሲ እንዴት እንደሚገባ አልጽፍም፣ እሱን የዕዳ ምክር የሚሰጡት ስቴፕቼንጅ ወይ ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይ ናሽናል ዴትላይን በነጻ ቁጭ አድርገው ያስረዷችኋል። እኔ የማወራው ከዛ በኋላ ስላለው ነው፣ ዲስቻርጅ ሆኜ፣ ማለትም ከባንክራፕትሲው በሕግ ተለቅቄ፣ ተገላገልኩ ስትሉ ስለሚመጣው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የባንክራፕትሲ ኦርደሩ (መክሰራችሁን የሚያጸናው ትእዛዝ) ከወጣበት ቀን 12 ወር ሲሞላ፣ ፍርድ ቤት ካላገደው በስተቀር፣ በራሱ ጊዜ ዲስቻርጅ ትሆናላችሁ፣ በ1986ቱ ኢንሶልቬንሲ አክት (የኪሳራ ሕግ) መሰረት ከኦርደሩ በፊት የነበረው ዕዳ ከላያችሁ ይነሳል። የማይነሱ አሉ፣ የፍርድ ቤት ቅጣት፣ የልጅ ማሳደጊያ፣ ስቱደንት ሎን፣ በማጭበርበር የመጣ ዕዳ፣ እነዚህ አብረዋችሁ ይቀጥላሉ፣ ቤት ተይዞበት የተወሰደ ብድርም ባንኩ በቤቱ ላይ ያለውን መብት አያጣም። ክሬዲት ካርድ፣ ኦቨርድራፍት፣ የስልክ ኮንትራት፣ የቆየ የመብራትና የጋዝ ውዝፍ ግን ያልቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄን ነው፣ ፎርሙ ላይ ሳይጻፍ የቀረ ዕዳም ቢሆን ከኦርደሩ በፊት የመጣና ማጭበርበር የሌለበት እስከሆነ ድረስ አብሮ ይነሳል። ዕዳ ሰብሳቢዎች "አንተ እኛን አላስመዘገብከንም" ሲሏችሁ አትደንግጡ።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ሕጉ ዕዳውን ያነሳል እንጂ የየኩባንያውን መዝገብ ዞሮ የሚያስተካክል ሰው የለም። የሰውን የብድር ታሪክ (ክሬዲት ፋይል) የሚይዙት ሶስቱ ድርጅቶች፣ ኤክስፒሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን፣ ባንክራፕት መሆናችሁን ከሕዝብ መዝገብ ያገኙታል፣ እያንዳንዱን አካውንት ግን የሚያድሰው አበዳሪው ራሱ ነው፣ አበዳሪው ደግሞ ዕዳውን ከሸጠው ቆይቷል፣ የገዛው ለሌላ ሸጦታል፣ ባንክራፕትሲው አብሮ አይሻገርም፣ የሚሻገረው ስማችሁ፣ አድራሻችሁና የገንዘቡ መጠን ነው።

ለዚህ ነው ዲስቻርጅ ከሆንኩ በኋላ ስራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ የተደወለልኝ። ሴትየዋ ትሁት ናት፣ ስሜንና የልደት ቀኔን አረጋገጠችና "ዛሬ ከከፈልክ ግማሹን እንተውልሃለን፣ ካልቻልክ ደግሞ በወር 5 ፓውንድ እንጀምርልህ" አለችኝ። ባንክራፕት ሆኜ ዲስቻርጅ እንደሆንኩ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ ኪቦርዷን ስትነካካ ይሰማኛል፣ ከዛ "ሲስተማችን ላይ አይታይም" አለች። እውነቷን ነው፣ አይታያትም፣ ግን ያ የኔ ጥፋት አይደለም። በስልክ እሺም እምቢም አላልኩም፣ የኮምፕሌይንት (የቅሬታ) ኢሜላችሁን ስጪኝ አልኳትና ዘጋሁት። ያቺን 5 ፓውንድ ነው የምፈራላችሁ፣ ትንሽ ናት፣ ሰላም ትገዛለች ይመስላል፣ ስንቱ ወገን "ከሚጨቀጭቁኝ ልክፈልና ልረፍ" ብሎ ጀምሮ የሌለበትን ዕዳ ዓመታት ይገፋል። ከተከፈለ በኋላ ማስመለሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ወረቀታችሁን ያዙ። ዲስቻርጅ ከሆናችሁ 3 ወር በኋላ ስማችሁ ከኢንዲቪጁዋል ኢንሶልቬንሲ ሬጅስተር (ባንክራፕት የሆኑ ሰዎች ከሚታዩበት የሕዝብ መዝገብ) ላይ ይወጣል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከዛ ወዲያ ሰብሳቢው ልፈትሽ ቢልም እዛ አያገኛችሁም፣ ማስረጃው እናንተ ጋ መሆን አለበት። ባንክራፕትሲን የሚመለከተውን የመንግስት መስሪያ ቤት፣ ኢንሶልቬንሲ ሰርቪስን፣ ጠይቃችሁ የዲስቻርጅ ማረጋገጫ ደብዳቤ አስልኩ፣ ከባንክራፕትሲ ኦርደሩ ጋር ስካን አድርጋችሁ ስልካችሁም ኢሜላችሁም ላይ አስቀምጡት፣ እኔ እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ያላያያዝኩበት ደብዳቤ የለም።

አሁን ወደ ክሬዲት ፋይሉ። ሶስቱም ድርጅቶች ስታቹተሪ ሪፖርት (በሕግ የሚገባችሁን የፋይላችሁን ቅጂ) በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ ሶስቱንም አውጡ፣ አንዱ ላይ የሌለው ስህተት ሌላው ላይ አለ። እኔ ከፍቼ ሳይ አንድ ክሬዲት ካርድ ሁለት ቦታ ቁጭ ብሏል፣ አንዴ በባንኩ ስም፣ አንዴ በገዛው ኩባንያ ስም። የባንኩ ዜሮ ይላል፣ የገዢው ግን ሙሉ ገንዘቡን ይዞ ዲፎልት (በውሉ መሰረት ያልተከፈለ) ብሎ በቀይ አስፍሮታል፣ ቀኑ ደግሞ ኦርደሩ ከወጣ ከብዙ ወር በኋላ ነው። ስክሪኑን ወደ ላይ ወደ ታች እያልኩ ቀኑን ደጋግሜ አየሁት፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ ዲፎልት ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ 6 ዓመት ነው ፋይል ላይ የሚቆየው፣ ባንክራፕትሲውም ከኦርደሩ ቀን 6 ዓመት። ባንክራፕትሲ ውስጥ የገባ ዕዳ የዲፎልት ቀኑ ቢዘገይ ቢዘገይ ከኦርደሩ ቀን ማለፍ የለበትም። እንበል ኦርደሩ መጋቢት 2020 ወጣ፣ መጋቢት 2026 ላይ ሁሉም አብሮ መውረድ ነበረበት። አንዱ ኩባንያ ግን ዲፎልቱን ኅዳር 2021 ብሎ ከመዘገበው እስከ ኅዳር 2027 ይዟችሁ ይሄዳል። ሕጉ ያልፈረደባችሁን ተጨማሪ ቅጣት አንድ የኩባንያ ሰራተኛ በኪቦርድ ፈረደባችሁ ማለት ነው። ይሄ ነገር እስካሁን ያበግነኛል፣ ምክንያቱም ሰው የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው፣ ቤት ኪራይ ሲከለከል ወይ ሞርጌጅ እምቢ ሲባል ቀኑን ሄዶ የሚያይ የለም። እኔም ቤት ስፈልግ ኤጀንሲው ያነሳብኝ ባንክራፕትሲውን አይደለም፣ እሱንማ ቀድሜ ነግሬዋለሁ፣ ያልተከፈለ ዕዳ አሁንም አለብህ ነው ያለኝ።

እንዲስተካከል የጠየቅኩት ሶስት ነገር ነው፣ የዲፎልት ቀኑ ወደ ኦርደሩ ቀን እንዲመለስ፣ ቀሪው ዜሮ እንዲሆን፣ አካውንቱ ሴትልድ (ያለቀ) ወይ ፓርሺያሊ ሴትልድ (በከፊል ተከፍሎ ያለቀ) ተብሎ እንዲዘጋ። ይጥፋልኝ አላልኩም። ትክክለኛው መረጃ 6 ዓመቱን መቆየቱ አይቀርም፣ "ክሬዲትህን እናጸዳለን" ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎችም ትክክል የሆነውን ሊያጠፉት አይችሉም፣ ስህተት የሆነውን ደግሞ እናንተው በነጻ ታስተካክሉታላችሁ።

መጀመሪያ ለክሬዲት ድርጅቱ ዲስፒውት (ይሄ መረጃ ስህተት ነው የሚል ተቃውሞ) ማስገባት ይቻላል፣ በ28 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ እሱ ግን የሚያደርገው አበዳሪውን መጠየቅ ነው፣ አበዳሪው "የኔ ትክክል ነው" ካለ እዛው ይቆማል። ለዛ ነው በቀጥታ ለኩባንያው መጻፍ ያለባችሁ። ኢሜሉ ርዕስ ላይ ኮምፕሌይንት ብላችሁ ጻፉ፣ ጥያቄ አለኝ ምናምን አትበሉ፣ ኮምፕሌይንት ስትሉ 8 ሳምንት መቆጠር ይጀምራል፣ በ8 ሳምንት የመጨረሻ መልስ ካልሰጡ ወይ መልሳቸው ካላረካችሁ በገንዘብ ተቋማት ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ወደሚዳኘው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ ትሄዳላችሁ፣ እሱም በነጻ ነው። የመጨረሻ መልስ ከሰጡ ግን 6 ወር ነው ያላችሁ፣ አታሳልፉት። የተሳሳተ መረጃ ይታረም የሚለው መብት ዳታ ፕሮቴክሽን ሕጉ ውስጥም አለ፣ አንድ ወር ነው የሚሰጣቸው፣ እምቢ ካሉ ለአይሲኦ (የግል መረጃ አያያዝን ለሚቆጣጠረው አካል) አቤት ይባላል። እኔ ሁለቱንም እዛው አንድ ኢሜል ላይ ጠቀስኩ፣ የደብዳቤው ድምጽ ወዲያው ነው የተለወጠው፣ በፊት ኮፒ ፔስት ሲልክልኝ የነበረ ክፍል በሰው ስም ፈርሞ መጻፍ ጀመረ።

ፋይላችሁ ላይ እስከ 200 ቃል ማብራሪያ የማስገባት መብትም አላችሁ፣ ኖቲስ ኦፍ ኮሬክሽን ይሉታል። እኔ አልተጠቀምኩበትም፣ የተጻፈው ውሸት ከሆነ ከጎኑ ማብራሪያ ከምጽፍ ውሸቱ ይውጣ ነው የምለው። በበሽታ ወይ በፍቺ ምክንያት ዕዳ ውስጥ ለገባ ሰው ግን ሊጠቅም ይችላል።

የእኛ ሰው ላይ ደግሞ የስም ጣጣ አለ። ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋ አንድ ፊደል ይጨመራል፣ ሌላው ጋ ይጎድላል፣ የአባትና የአያት ስም ይቀያየራል፣ ሰብሳቢው በአንዱ አጻጻፍ ያገኛችሁና ባንክራፕትሲውን በሌላው አጻጻፍ ስለተመዘገበ አያየውም። የተጠቀማችሁባቸውን የስም አጻጻፎችና የድሮ አድራሻዎች በሙሉ ደብዳቤው ላይ ዘርዝሩ። ሻሬድ ቤት የኖራችሁ ደግሞ አንድ አድራሻ ላይ ስለኖራችሁ ብቻ የሌላ ሰው ዕዳ አይነካችሁም፣ የሚያያይዘው ጆይንት አካውንት ወይ የጋራ ብድር ነው። ባልና ሚስት ብትሆኑም እንደዛው ነው። ግን አደራ፣ ዕዳው የጋራ ከነበረ የናንተ ዲስቻርጅ የሚያድነው እናንተን ብቻ ነው፣ ሙሉው ዕዳ በሌላኛው ሰው ላይ ይቀራል፣ ለዋስም እንደዛው። ባለቤቴ ላይ የመጣውን ደብዳቤ ሳይ ነው ሕመሙ የገባኝ፣ እሷ የራሷን ክፍያ በስቴፕቼንጅ በኩል አስተካክላ እየከፈለች ነው።

እኔ ጋ ካሉት አካውንቶች አብዛኞቹ ተስተካክለዋል፣ ያ ሁለት ቦታ የነበረው ክሬዲት ካርድም ዜሮ ሆኖ ቀኑ ተመልሷል። አንድ የስልክ ኩባንያ ዕዳ የገዛ ድርጅት ብቻ እስካሁን ዲፎልቱን አልነካውም፣ 8 ሳምንቱ እየሞላ ነው፣ ለኦምቡድስማኑ የሚገባውን ፎርም ሞልቼ አስቀምጫለሁ።