ዴኩና ዳንቴሉ

ይሄ ሦስተኛው ዴካችን ነው። ሁለቱ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ይሄኛውም ሰሞኑን «ኖ ዲስክ» (ዲስክ የለም) ማለት ጀመረ። የሚገርመው፣ ሲዲ ያጫውታል፤ ዲቪዲ ግን እንቢ። ለሲዲ 780፣ ለዲቪዲ 650 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የሌዘር ጨረር ነው የሚጠቀመው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ሊሠራ ይችላል።

ፈታሁት። ዲስኩን የምታነበው ሌንስ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። የደብረ ብርሃን ብርድ ይታወቃል፤ ማታ ማታ ከሰል የምናያይዘው ዴኩ ሥር ነው። እማዬ ደግሞ አቧራ እንዳይገባው ብላ በዳንቴል ትሸፍነዋለች። ለካ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ኖሯል! ፓወሩ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ያለች አንዲት ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ አናቷ አብጧል።

ሌንሷን በጥጥና በአልኮል በቀስታ ጠረግኳት። ካፓሲተሯን የሠፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ቀየረልኝ። አሁን ዲቪዲውም ይሠራል። ዳንቴሉን አንስቼዋለሁ፤ እማዬ ግን አኩርፋለች።